«ሽሮ ብቻ ነው የበላነው» ማለት ይብቃን

ጤና ጣቢያ ውስጥ በሥነ ምግብ ሙያ ነው የምሠራው። ልጅ ይዛ ለምትመጣ እናት ሁሉ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ትናንት ቤታችሁ ምን ተበላ?» አንገቷን ደፋ ታደርግና «ኧረ ምንም፣ ሽሮ ብቻ» ትለኛለች። ይህ መልስ ያንገበግበኛል። ኑሮ መወደዱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እኔም የምሸምተው ከዚሁ ገበያ ነው። ግን «ጤናማ ምግብ የባለገንዘብ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ራሱ ስንቱን ቤት ለማይረባ ወጪ ዳርጓል።

«ሽሮ የድሃ ምግብ ነው፣ ሰውነት አይገነባም»

መስማት የሰለቸኝ ይሄኛው ነው። ሽሮ እኮ ሽምብራ፣ አተር ወይም ባቄላ ነው! 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ምስርና ክክ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላሉ። ጥሬ የበሬ ሥጋ በ100 ግራም ያለው ፕሮቲን ከዚህ ብዙም አይርቅም። «የጥራጥሬ ፕሮቲን ጎዶሎ ነው» የሚሉም አሉ። ለብቻው ከተበላ እውነታቸውን ነው። ፕሮቲን ከብዙ ትንንሽ ክፍሎች ይገነባል፤ ከእነሱ መካከል ጥራጥሬ የሚያንሰው ሜቲዮኒን የተባለው ግን ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ አለ። እነሱ የሚያንሳቸውን ላይሲን የተባለውን ክፍል ደግሞ ጥራጥሬው ይሞላላቸዋል። እንጀራ በሽሮ የበላ ሰው ሁለቱንም አግኝቷል።

ታዲያ ሽሮ የሚበላው ልጅ ለምን ይቀጭጫል? አንዱ ምክንያት የሽሮው ማነስ ነው። ለአምስት ሰው ወጥ ስንት ዱቄት እንደሚጨምሩ ስጠይቅ ብዙዎቹ በቡና ሲኒ ያሳዩኛል። አንድ ሲኒ ቢይዝ 40 ግራም ቢሆን ነው። ይህ ለአምስት ሰው 8 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው 2 ግራም እንኳን አይደርስም። ቀሪው ውሃ፣ ዘይትና በርበሬ ነው። እንጀራው ይበዛል፣ ወጡ ለማጥቀሻ ያህል ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ሽሮው ወፈር ይበል። በሲኒ የነበረው በውሃ ብርጭቆ ይሁን። «ብሩ ከየት ይምጣ?» ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ ከዘይቱ ቀንሱ። ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ለዓይን ነው እንጂ ለጤና አይደለም። ያ የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጅ ቅባት ነው። ቀጥሎ፣ ከሱቅ በሩብ ኪሎ በሩብ ኪሎ መግዛቱን ተዉት። ከጎረቤት ጋር አዋጡና ከእሁድ ገበያ ወይም ከሸማቾች ማኅበር በብዛት ግዙ። ቦሎቄንም አትናቁት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በብዛት እያመረትን ወደ ውጭ የምንልከው እህል ነው፤ አድሮ ተነክሮ ከተቀቀለ ጥሩ ንፍሮም ጥሩ ወጥም ይወጣዋል።

በቅርቡ አንዲት እናት የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጇን ይዛ መጣች። ክብደቱ ከዕድሜው አንሷል። ከጎረቤት እየተበደረች የቆርቆሮ ወተት ትገዛለታለች። እንዲቆይላት ብላ ደግሞ ዱቄቱን ቀንሳ ውሃውን ታበዛዋለች። ቤቷ ምስርም ሽሮም ጎመንም አለ። ለልጁ ግን አትሰጠውም፤ «ሆዱን ይነፋዋል» ብለዋታል። በጣም ተናደድኩ፤ በእሷ ሳይሆን ይህን በነገሯት ሰዎች። ጡቱን ሳታቋርጥ፣ በርበሬ የሌለበት ወፍራም የምስር ክክ በእንጀራ እየፈተፈተች፣ የደቀቀ ጎመን እየጨመረች እንድታበላው ነገርኳት። የሆድ መንፋቱም መላ አለው፦ ጥራጥሬውን ማሳደር፣ የነከሩበትን ውሃ መድፋት፣ ልጣጩን ማውጣት። ልጁ አሁን ክብደት እየጨመረ ነው።

«ቀይ ሥር ደም ይሆናል»

ቀለሙ ነው ያሳሳተን። ቀይ ሥር ፎሌት የሚባል ቫይታሚን አለው፣ መብላቱም ጥሩ ነው። ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረት ግን ጥቂት ነው ያለው። የተቀቀለ ምስር በብረት ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። እርግጥ የጥራጥሬ ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል፤ ወጡ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት ወይም ቃሪያ ከጎኑ ብሉ። ቡናና ሻይ ደግሞ ያግዱታል። እኛ ቤት ገና እጅ ሳይታጠብ ጀበናው ይቀርባል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ደም ማነስ አለባችሁ ከተባላችሁ ግን የታዘዘላችሁን ክኒን በምግብ አትተኩት።

«ፍራፍሬ ካልገዛሁ ቫይታሚን አላገኝም»

ቃሪያ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ያስከነዳል። ጎመን፣ ዱባና ካሮት ለቫይታሚን ኤ ይበቃሉ። ብቻ ጎመኑን ለረጅም ሰዓት ቀቅላችሁ ውሃውን አትድፉት። ታጥቦ ይከተፍና በትንሽ ውሃ ተከድኖ ቶሎ ይውጣ።

«የፈረንጅ እንቁላል አይረባም»

የሀበሻው አስኳል የደመቀው ዶሮዋ ከምትለቅመው ነገር ነው። ፕሮቲኑ ያው ነው። ርካሹን ግዙ።

«ጤፍ ነጭ ነው እንጂ»

ቀይ ጤፍ በብረት ይበልጠው እንደሆነ እንጂ አያንሰውም።

«ማር ስኳር አይደለም»

ነው።

«እንቁላሉ ለአባወራው»

ሽሮን አወደስኩ ማለት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አያስፈልጉም ማለቴ አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከጥራጥሬ አይገኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ያለችው ጥቂት እንቁላል ማን ጋ እንደምትደርስ ነው። በብዙ ቤት አባት «ደክሞት የመጣ ነው» ተብሎ ቅድሚያ ያገኛል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ሆዱ ትንሽ ነው፣ እድገቱ ፈጣን ነው። በሳምንት ሦስት እንቁላል ብቻ የሚገዛ ቤት ሦስቱንም ለእሱ ይስጥ። ከዚያ ከተረፈ ነፍሰ ጡሯ ወይም የምታጠባዋ ትቅደም። አባቶችን አስጠርቼ ይህን ስነግራቸው እምቢ ያለኝ ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጅ ለማስመዘን ስትመጡ ባለቤታችሁንም ይዛችሁ ኑ።