ሁሉም የህንድ ፊልም ቦሊውድ አይደለም፦ ስለ ታሚል ሲኒማ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የህንድ ፊልም ማለት ቦሊውድ ነው»

እኛ ዘንድ «የህንድ ፊልም» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የሙምባዩ የሂንዲ ፊልም ነው። የታሚል ፊልም ማዕከሉ ግን በደቡብ፣ በቼናይ ከተማ ነው፤ «ኮሊውድ» የሚባለውም ስቱዲዮዎቹ ከተሰባሰቡበት ከኮዳምባካም ሰፈር ስም ተነስቶ ነው። ቋንቋዎቹ የአንድ ቤተሰብ አይደሉም፤ ሂንዲ ብቻ የሚያውቅ ሰው የታሚል ፊልም ያለ ትርጉም አይገባውም። ተመልካቹም በስሪላንካ፣ በማሌዥያና በሲንጋፖር ጭምር አለ።

«የሂንዲውን እየቀዱ ነው የሚሠሩት»

የተገላቢጦሹም ሞልቷል። አሚር ካን የተወነበት የ2008ቱ የሂንዲ ፊልም «ጋጂኒ» በ2005 በታሚል ከወጣው ፊልም እንደገና የተሠራ ነው፤ ያኔ መሪ ተዋናዩ ሱሪያ ነበር፣ የሁለቱም ዳይሬክተር ኤ. አር. ሙሩጋዶስ ነው። (የታሪኩ መነሻ ሐሳብ ግን የአሜሪካው «ሜሜንቶ» ነው።)

«ተዋንያኑ ራሳቸው ናቸው የሚዘፍኑት»

እንደ ካማል ሃሳን ያሉ ራሳቸው የሚዘፍኑ አሉ፤ በአብዛኛው ግን ዘፋኙ ሌላ፣ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነው። ይህም የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ እንደ ፒ. ሱሺላ፣ ኤስ. ጃናኪ እና ኤስ. ፒ. ባላሱብራማኒያም ያሉ ዘፋኞች ዝናቸው ከተዋንያኑ አያንስም።

ሥራው እንዲህ ነው። ዳይሬክተሩ ዘፈኑ የሚገባበትን የታሪኩን ቦታ ለዜማ ደራሲው ይነግረዋል። ብዙውን ጊዜ ዜማው ይቀድምና ገጣሚው ስንኙን በዜማው ልክ ይጽፋል። ዘፈኑ ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀዳ በኋላ ቀረጻው ቦታ ላይ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ የዳንስ አሠልጣኙ ዘፈኑን በትንንሽ ክፍል ከፋፍሎ ያስቀርጻል።

የሚያስቸግረው የስሎው ሞሽን ዘፈን ነው። ካሜራው በሰከንድ 48 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀርጻል፤ ዘፈኑም በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቅና ተዋናይዋ እየተጣደፈች በከንፈሯ ትከተለዋለች። ምስሉ በተለመደው 24 ፍሬም ሲታይ ዳንሱና ፀጉሯ በዝግታ ይንሳፈፋሉ፣ ከንፈሯ ግን ከትክክለኛው ዘፈን ጋር ይገጥማል። ዘፈኑ በመደበኛ ፍጥነቱ ተለቆ ቢሆን ኖሮ ከንፈሯ በግማሽ ይዘገይና ቀረጻው ከንቱ ይቀራል።

«ንግግሩስ የራሳቸው ነው»

እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ከሰሜን ህንድ የሚመጡ ብዙ ተዋናዮች ታሚል ስለማይችሉ ድምፃቸው በሌላ ሰው ይተካል። ትሪሻ እንኳ የቼናይ ልጅ ሆና ሳለ በ2018ቱ «96» ውስጥ የሚሰማው የዘፋኟ የቺንማዪ ድምፅ ነው።

ቋንቋውን የማትችለዋ ተዋናይ ቃሉን በጆሮዋ ይዛ ወይም ከካሜራው ጀርባ ከሚያነብላት ሰው ሰምታ ትናገራለች። «መ»፣ «በ» ወይም «ፐ» ያለበትን ቃል ከሳተች ጉድ ይፈላል፤ እነዚህ ድምፆች ሁለቱን ከንፈር ስለሚያጋጥሙ ማንም ተመልካች ስህተቱን ያያል። ያን ጊዜ ያለው መፍትሔ ከጀርባዋ የተነሳ ምስል መጠቀም፣ አለዚያም ከንፈሯ ላይ የሚገጥም ሌላ ቃል መፈለግ ነው።

«ኮከቦቹ ሁሉ ታሚሎች ናቸው»

ኤም. ጂ. ራማቻንድራን የተወለደው ስሪላንካ፣ ካንዲ፣ ከማላያላም ተናጋሪ ቤተሰብ ነው። ራጂኒካንት የባንጋሎር ልጅ ነው፤ የቤተሰቡ ቋንቋ ማራቲ፣ የቀድሞ ሥራው የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭነት ነው።

«ዝነኛ ተዋናይ ከሆንክ ምርጫ ታሸንፋለህ»

በታሚሎቹ ግዛት በታሚል ናዱ ከፊልሙ ዓለም መጀመሪያ ሥልጣን የያዙት ተዋንያን ሳይሆኑ ጸሐፊዎች ነበሩ፦ በ1967 አናዱራይ፣ በ1969 ካሩናኒዲ። ሁለቱም ከፊልም ጽሑፋቸው ጎን ለጎን የዲኤምኬን ፓርቲ ያደራጁ ነበር። ራማቻንድራንም ቢሆን በ1977 የግዛቱ ዋና ሚኒስትር የሆነው በድንገት አይደለም፤ ዲኤምኬ ውስጥ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ቆይቷል፣ በ1972 ተባርሮ የራሱን ፓርቲ ሲመሠርት የአድናቂዎቹ ክበቦች በየመንደሩ መዋቅር ሆነውለታል።

በትወና ብዙዎች ከራማቻንድራን የሚያስበልጡት ሲቫጂ ጋኔሳን በ1988 ፓርቲ አቋቁሞ በ1989ኙ ምርጫ የራሱን ወንበር እንኳ ማግኘት አልቻለም። ካማል ሃሳንም በ2021 ኮይምባቶር ላይ ተሸንፏል። ራጂኒካንት ደግሞ በ2017 መጨረሻ ፖለቲካ እገባለሁ ብሎ አድናቂዎቹን ሦስት ዓመት ካስጠበቀ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2020 ጤናዬ አይፈቅድም ብሎ ፓርቲውን ሳይመሠርት ቀረ።