ራስ አበበ አረጋይ፦ ከአርበኝነት እስከ ሚኒስትሮች ምክር ቤት

ራስ አበበ አረጋይ በ1895 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጅሩ ተወለዱ። በእናታቸው የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ባላምባራስ ተብለው የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ከመኳንንቱ የተሰደደው ሲሰደድ፣ ለጠላት የገባውም ሲገባ፣ እሳቸው ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሸዋ ወጡ።

በዚያው ሐምሌ አርበኞች ዋና ከተማዋን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ዘመቱ። ጦሮቹ እኩል ሊደርሱ ባለመቻላቸው ግን ጠላት ተራ በተራ መታቸው። ከዚያ ወዲህ ውጊያው የደፈጣ ሆነ። በብዛት መሰብሰብ ለአውሮፕላን ቦምብ ያጋልጣል፤ ጥይትም በአብዛኛው የሚገኘው ከጠላት በመማረክ ስለነበር ረጅም ተኩስ አይቻልም። መንዝና መርሐቤቴ ገደላ ገደል በመሆናቸው ለማፈግፈግ ይመቻሉ፤ ስንቁ ከገበሬው፣ ወሬው በጠላት መካከል እየኖሩ በስውር ከሚረዱት የውስጥ አርበኞች ይመጣል። ገበሬው ቤቱ እየተቃጠለበት ማብላቱን ባይቀጥል ኖሮ አምስቱ ዓመት ባልተገፋ ነበር፤ የራስ አበበ ዝና ሲነሳ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1932 የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ በእርቅ ሊያስገባቸው ብዙ ተላላከ። አበበ ቁርጥ መልስ ሳይሰጡ ቀኑን ገፉት፤ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲገጥም ድርድሩ ከሸፈ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ራስ አበበ ጎፈሬያቸውን ካሳደጉ አርበኞቻቸው ጋር ተቀበሏቸው።

ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ ከንቲባና የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በ1936 መጀመሪያ የትግራይን የወያኔ አመፅ ለመደምሰስ የዘመተውን ጦር መሩ። በዚህ ዘመቻ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደብድበዋል፤ ባዕድ ወራሪን ለተዋጋ አርበኛ ከሁሉ ከባዱ ምዕራፍ ይህ ይመስለናል። ትግራይንም እስከ 1939 ገደማ ገዙ፤ ቀጥሎ የአገር ግዛት፣ በኋላም የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ከኅዳር 1950 ጀምሮ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢ ነበሩ። ማዕረጉ ትልቅ ቢሆንም ሹመትና ሽረት በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ስለነበር፣ ጫካ ውስጥ የነበራቸውን ያህል በራሳቸው የመወሰን ሥልጣን አልነበራቸውም።

በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ ራስ አበበ ከሌሎች ሹማምንት ጋር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታገቱ። ሙከራው ሲከሽፍ፣ አረንጓዴ ሳሎን በተባለው ክፍል ታጋቾቹ ላይ ተተኮሰ። ራስ አበበና ራስ ሥዩም መንገሻ እዚያው ወደቁ። ግቢው በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1954፣ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመረቀ፤ ዛሬ የስድስት ኪሎ ካምፓስ ነው።