«ሴት ልጅ በሱሪ? ባህላችን አይደለም» ለምትሉ

ዘንድሮም መስከረም ገባ፣ ያው ነገር ተደገመ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከታላቅ ወንድሟ የወረደላትን የዩኒፎርም ሱሪ ለብሳ መጣች። ቀለሙ የትምህርት ቤቱ ቀለም፣ ጨርቁም ያው ጨርቅ ነው። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ እግሩም በልኳ አጥሯል። በር ላይ «ሴት ጉርድ ነው የምትለብሰው፣ ሂጂና ቀይረሽ ነይ» ተባለች። ቤቷ ሩቅ ነው። መቀየሪያም የላትም። ያን ቀን አልተመለሰችም። በማግስቱም ቀረች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ከጎረቤት ጉርድ ተውሳ ይዛት መጣች። «ቲቸር፣ ልጄ ምን አጠፋች?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ሐረር ውስጥ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል። ስም ጠሪ ሆኛለሁ፣ የሥርዓተ ፆታ ክበብም አስተባብራለሁ። ልጆቹ አድክመውኝ አያውቁም። የሚያደክመኝ ትልልቆቹ ሰዎች በየዓመቱ የሚደግሙት ምክንያት ነው። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ዩኒፎርም የመንግሥት ሕግ ነው፣ አይነካም።»

አይደለም። እኛ ጋ የዩኒፎርሙን ቀለምና ቅድ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ተመካክሮ። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስለ ጉርድ አንድም ቃል የለም። ስለ እኩልነት ግን አለ። አንቀጽ 25 ፆታን በስም ጠቅሶ በሰዎች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። በስብሰባ የጸደቀ ደንብ ደግሞ በስብሰባ ይሻሻላል።

«ነገ ደግሞ ዩኒፎርም ራሱ ይቅር ትላላችሁ።»

አንልም። ዩኒፎርም እወዳለሁ። ያለውም የሌለውም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጥ በልብስ እንዳይተያይ ያደርጋል። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ቀለሙም ጨርቁም ይኑር፣ ሱሪ ይሁን ጉርድ የሚለውን ልጅቷና ቤተሰቧ ይምረጡ።

«ሂጃብ ከዩኒፎርም ጋር አይሄድም።»

ሐረር ላይ ይህን የሚል ብዙ አላጋጠመኝም። የሚሉ ካሉ ግን በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ የሆነውን ያስታውሱ። ሂጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተከልክለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ክልከላው ለጊዜው እንዲቆም አዘዘ። እምነትም ትምህርትም የልጅቷ መብት ነው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንድትተው ልትጠየቅ አይገባም።

«ሴት ልጅ ሱሪ መልበስ ባህላችን አይደለም።»

እዚህ ላይ ልቆይ። ብዙ የምሰማው ይህን ነው፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ይህን የምትሉኝ የት ሆናችሁ ነው? ሐረር ላይ። የሐረሪ ሴት ከቀሚሷ ሥር የምትለብሰውን ሱሪ አይታችሁት አታውቁም? ገይ ገናፊ ይባላል። ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበብ ይላል፣ ጫፉም በጥልፍ ያምራል። የሐረሪ ሠርግ የሄደ ሰው ሳያየው አይመለስም። እናቶች ለብሰውታል፣ አያቶችም ለብሰውታል። ማንም «የወንድ ልብስ ለበሰች» አላለም። እንግዲህ ሱሪ ለሴት ነውር የሆነው ከየትኛው ባህል ተነስተን ነው?

«እሱማ ከቀሚስ ሥር ነው» የሚለኝ አለ። እሺ። ታዲያ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከጉርዷ ሥር ሱሪ ደርባ የመጣችውን ልጅ «አውልቂ» የሚላትስ ማነው? ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ መጸዳጃ ቤት ገብታ አውልቃ፣ ሱሪውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ እየተንቀጠቀጠች ሰልፍ ላይ ቆመች። ባህሉን የጠበቀችው እሷ ነበረች።

ፕሊሴው ጉርድስ ቢሆን የማን ባህል ነው? ከሸሚዙና ከክራባቱ ጋር፣ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር ከውጭ የመጣ ቅድ ነው። ስለመጣበት አልጠላውም። ጉርድ የምትወድ ልጅ በደስታ ትልበሰው። ከውጭ የመጣውን «ባህል»፣ አያቶች የለበሱትን ደግሞ «መጤ» ብሎ በዚያ ምክንያት ልጅን ከክፍል ማስቀረት ግን ትክክል አይደለም።

ከፈረስ መጋላ የሚነሳውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ «መኪና ግርግር»ን ታውቁታላችሁ። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። እዚያ ዩኒፎርም የሚሰፉ አንድ አባት አሉ፣ ልጆቼን ሁሉ እሳቸው ናቸው ያለበሱልኝ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለሴት ልጅ ሱሪ ስፉ ብትባሉ ምን ይከብዳል?» አልኳቸው። «ምንም» አሉኝ። ዙሪያውን በደንብ የታጠፈ ፕሊሴ የወገቡን ሦስት እጥፍ ጨርቅ ይበላል አሉኝ። ሱሪ ዚፕና ኪስ ስላለው የእጅ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ከወንድም ወደ እህት፣ ከእህት ወደ ታናሽ ወንድም ይወርዳል። ጉርድ እህት ጋ ሲደርስ ያቆማል። ሦስት ልጅ የምታስተምር እናት ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ እናትም ያደረገችው ይህንኑ ነበር።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። ሴቶቹ ልጆች ሲለኩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኪስ ይኑረው» ይሏቸዋል። ምክንያቱን ክበባችን ውስጥ ሰምቻለሁ። ሞዴስ መያዣ ነው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከክፍል ስትወጣ ሁሉም ያውቅባታል። በወር አበባ ሰሞን ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የሚውሉ ልጆች አሉ፣ ጉርዱ ላይ ይታይብናል ብለው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥግ ይዘው የሚቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሰነፎች አይምሰሏችሁ። ጉርድ ለብሳችሁ ርዝመት ዝለሉ ብትባሉ እናንተም ትቀመጣላችሁ። ለሦስት በአንድ ዴስክ መቀመጥ አለ፣ ባጃጅ ውስጥ መጣበብ አለ፣ ከገጠር ቀበሌ በእግር መምጣትም አለ። እነዚህን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ጉርድን በእጅ ይዞ መወጣት ይደክማል። ወንድ መምህራን ይህን አስባችሁት አታውቁ ይሆናል። አሁን አስቡት።

«ጉርድ ሴቷን ከለከፋ ያድናታል፣ ሱሪ የወንዶቹን ሐሳብ ይበትናል።»

የተማሪዎቼ ጉርድ ከጉልበት በታች ነው፣ አሁንም መንገድ ላይ ይለከፋሉ። ለከፋ የሚቆመው ለካፊው ሲጠየቅ ነው። ወንዶቹ ልጆችም ራሳቸውን መግዛት ይችላሉ፤ ሳስተምራቸው ኖሬ አውቃቸዋለሁ። አይችሉም ብሎ ማሰብ እነሱንም መናቅ ነው።

«በሠለጠነው ዓለምም ሴት ተማሪ ጉርድ ነው የምትለብሰው።»

አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 በመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ሴቶች ሱሪና ቁምጣ እንዲመርጡ ፈቅዷል። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ላይ ሴቶችን ጉርድ ብቻ ያስለብስ የነበረ ትምህርት ቤት በተማሪዎች ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደንቡ የእኩልነት መብታቸውን ይጥሳል ብሎ ፈርዷል።

«የወንድ ልጅን ጸጉር መቁረጥ ሥርዓት ማስያዝ ነው።»

የፆታ ደንብ ሴቶችን ብቻ አይጎዳም። ሰልፍ ላይ መቀስ ይዞ እየዞረ የልጆችን ጸጉር ከመሐል የሚሸልት መምህር አይቻለሁ። አንዱ ልጅ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ኮፍያ አድርጎ መጣ፣ ኮፍያውም ክልክል ስለሆነ እንደገና ተባረረ። ይህ ሥርዓት ማስያዝ አይደለም፣ ማዋረድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር በጠበቀ መንገድ እንዲሆን ያዛል። አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው፤ ይህን የሚለው ራሱ ሕገ መንግሥቱ ነው፣ አንቀጽ 9።

«ተማሪ ግዴታ እንጂ መብት የለውም» ለሚሉም መልሱ እነዚሁ አንቀጾች ናቸው።

አሁን ለወላጆች። ልጃችሁ በልብስ ምክንያት ከበር ስትመለስ ልጅቷ ላይ አትጩኹ። ያን ቀን መጀመሪያ ክፍል የምትገባበትን መንገድ ፈልጉ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ስም ጠሪዋን አግኙ። ቀጥሎ ደንቡን በጽሑፍ አሳዩኝ በሉ። ብዙ ጊዜ «ጉርድ ብቻ» የሚለው ነገር የትም አልተጻፈም፤ ልማድ ሆኖ የቆየ ነው። ተጽፎ ካገኛችሁት ለወላጅ መምህር ኅብረቱ ደብዳቤ አስገቡ። ሁለት ኮፒ አዘጋጁ፣ በእናንተ ኮፒ ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው ይፈርሙበት። በቃል የተነገረ ቅሬታ ይረሳል። መልስ ካጣችሁ ትምህርት ቢሮ አለ። ከዚያም አልፎ እንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሉ።

ጊዜውንም ልብ በሉ። ደንብ ይሻሻል የሚባለው ሰኔ ላይ ነው፣ ከምዝገባ በፊት። መስከረም ላይ ጨርቅ ተገዝቷል፣ ሰፊው ቆርጧል፣ ዳይሬክተሩም «ለከርሞ» ይላችኋል። ብቻችሁንም አትሂዱ። አንዲት እናት ስትናገር የግል ጉዳይ ይመስላቸዋል። አሥር እናቶች ሲፈርሙ አጀንዳ ይሆናል። አባቶችም ፈርሙ፤ ሴት ልጅ ያላችሁ እናንተም ናችሁ።

ለመምህራን ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ እናንተ ያዘዛችሁትን ነው የሚያደርገው። «በልብስ ምክንያት ማንም ከክፍል አይቀርም፤ ጥፋት ካለ ስም መዝግበህ አስገባ» ብላችሁ ብታዙት ከነገ ጀምሮ የሚመለስ ልጅ የለም። ለዚህ ሰኔን መጠበቅ አያስፈልግም።

የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ አሁን የተዋሰችውን ጉርድ ለብሳ እየተማረች ነው። ወገቧ ላይ ስለሚሰፋት በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ከእናቷ ጋር ቁጭ ብለን ደብዳቤውን ጽፈናል። እስካሁን አሥራ አራት ወላጆች ፈርመዋል። ኅብረቱ የሚሰበሰበው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ እኔም እገኛለሁ።