ቦሆ ስፕሬድ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ከአኩሪ አተር ዘይት ባዮዲዝል የሚያመርት ፋብሪካ በየጠዋቱ ሁለት ዋጋ ያያል፦ ከቺካጎ ገበያ የዘይቱን፣ ከኒውዮርክ ገበያ የናፍጣውን። ቦሆ ስፕሬድ የሁለቱ ልዩነት ነው። ስሙ የመጣው «ቢን ኦይል» (የአኩሪ አተር ዘይት) እና «ሂቲንግ ኦይል» (የማሞቂያ ነዳጅ) ከሚሉት ቃላት ነው፤ በኒውዮርክ ገበያ በውል የሚሸጠው ነዳጅ ዛሬ ድኙ የተቀነሰ ናፍጣ ቢሆንም የድሮ ስሙ አልለቀቀውም።

ዘይት በክብደት በፓውንድ፣ ናፍጣ በመጠን በጋሎን ስለሚሸጥ መጀመሪያ መስፈሪያውን አንድ ማድረግ ነው። ለአንድ ጋሎን ባዮዲዝል 7.5 ፓውንድ ያህል ዘይት ይገባል። ዘይቱ በፓውንድ 50 ሳንቲም ነው እንበል፤ የጋሎኑ ዘይት ብቻ 3.75 ዶላር ሆነ። ናፍጣ 2.40 ቢሸጥ ስፕሬዱ 1.35 ነው። ከዘይቱ ጋር የሚገባው አልኮል ሜታኖልና ደመወዙ ገና ሳይነሳ በየጋሎኑ 1.35 ዶላር ጎደለ ማለት ነው።

ጉድለቱን የሚሸፍነው ሕግ ነው። ነዳጅ አጣሪዎችና አስመጪዎች የታዳሽ ነዳጅ ግዴታቸውን መወጣታቸውን የሚያሳዩት «ሪን» በሚባል ምስክር ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም እንደ ሸቀጥ ይሸጣል። አንድ ጋሎን ባዮዲዝል 1.5 ሪን ያስገኛል፤ ሪኑ 80 ሳንቲም ቢሆን 1.20 ዶላር ገባ። እስከ 2024 መጨረሻ ደግሞ ባዮዲዝልን ከናፍጣ ለሚቀላቅል በጋሎን 1 ዶላር የታክስ ክሬዲት (ከግብር የሚቀነስ ድጎማ) ነበር። አሁን ደምሩት፦ 2.40፣ 1.20 እና 1.00 ሲደመሩ 4.60፤ ዘይቱ ሲቀነስ ለቀሪው ወጪና ለትርፍ 85 ሳንቲም ተረፈ። ክሬዲቱን ብቻ አውጡት፤ ፋብሪካው የዘይቱን ዋጋ እንኳ አይመልስም። ክሬዲቱ ከአንዴም ብዙ ጊዜ ተቋርጦ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ተከፍሏል፤ ሲቋረጥ የሚዘጋ ፋብሪካ ሞልቶ ነበር።

ስፕሬዱ ሲሰፋ ምርት ይቀንሳል፣ ሪን ይወደዳል፣ ክፍተቱም እንደገና ይጠባል። ችግሩ ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ባንክ ግን አይጠብቅም።

በፓውንድ 1 ሳንቲም ጭማሪ በጋሎን 7.5 ሳንቲም ነው፤ በዓመት 30 ሚሊዮን ጋሎን ለሚያመርት 2.25 ሚሊዮን ዶላር። ስለዚህ የተለመደው ስህተት የባዮዲዝሉን ዋጋ ለደንበኛ አስቀድሞ ቆርጦ ዘይቱን ሳይገዙ መቆየት ነው።

ያገለገለ የምግብ ዘይት ርካሽ ቢመስልም በውስጡ ያለው ነፃ የስብ አሲድ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ ሲያልፍ ከአልካላይ ካታሊስቱ (ምርቱን ከሚያፋጥነው ኬሚካል) ጋር ሳሙና ይሠራል፤ ምርቱ ይጎድላል፣ ግሊሰሪኑም ከነዳጁ መለየት ያስቸግራል። መጀመሪያ በአሲድ ማከም ያስፈልጋል፤ ያም ወጪ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የአኩሪ አተር ባዮዲዝል 0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መደፍረስ ስለሚጀምር ሰሜን ያሉ ገዢዎች ድርሻውን ይቀንሳሉ፤ ቦሆ ይህን አያሳይም።