ፖስት ክሬዲት ምንድን ነው?

ፊልሙ አልቋል። ሙዚቃው ከፍ ብሏል፤ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ መፍሰስ ጀምሯል። ገሚሱ ተመልካች ጃኬቱን አንሥቶ ወደ በሩ እያመራ ነው። ከወንበራቸው ንቅንቅ ያላሉት ግን የሚጠብቁት ነገር አለ።

ክሬዲት ማለት ፊልሙን የሠሩት ባለሙያዎች የስም ዝርዝር ነው። ፖስት ክሬዲት የሚባለው ደግሞ ያ ዝርዝር ካለቀ በኋላ ብቅ የሚል፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ የማያልፍ ትዕይንት ነው። ዋና ዋናዎቹ ስሞች እንዳለፉ፣ ረጅሙ ዝርዝር ከመጀመሩ በፊት የሚገባም አለ፤ እርሱን ሚድ ክሬዲት ይሉታል። ተከታታይ ልብ ወለድ በጋዜጣ ሲያነብብ ያደገ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። በገጹ ግርጌ የሚታተመው «ይቀጥላል» ነው፤ እዚህ በፊደል ፈንታ በምስል ተነገረ። አንድ ልዩነት ግን አለው፦ ጋዜጣውን የገዛ ሁሉ «ይቀጥላል»ን ያነብባል፤ ይህን የሚያየው የቆየ ብቻ ነው።

ልማዱ ቀድሞም አልፎ አልፎ ይታይ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ለቀልድ። የሱፐርሄሮ ፊልም ወዳጆችን መጠበቅ ያስተማራቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «አይረን ማን» ነው። ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር የሚጫወተው የፊልሙ ጀግና ቶኒ ስታርክ ወደ ቤቱ ሲገባ በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ ያገኛል። አንድ ዓይኑን የሸፈነው የስለላ አለቃ ኒክ ፉሪ ነው፤ ተዋናዩ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን። የመጣሁት ስለ አቬንጀርስ፣ ስለ ጀግኖቹ ቡድን፣ ልነግርህ ነው ይለዋል፤ ትዕይንቱ እዚያው ያበቃል። በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገና ያልተሠሩ ፊልሞች ታጭቀው ነበር። ጀግኖቹ በአንድ ፊልም የተሰባሰቡት ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነው። የዚያኛው ፊልም ሚድ ክሬዲትም በተራው ሌላ ቀጠሮ ያዘ፦ የጀግኖቹ ታላቅ ጠላት ታኖስ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ፈገግ አለ። ከጀግኖቹ ጋር ፊት ለፊት የተጋጠመው በ2018 ነው። ለአንዲት ፈገግታ 6 ዓመት!

ቀጠሮው ሁልጊዜ አይከበርም። በ2011 በወጣው «ግሪን ላንተርን» ሲኔስትሮ የተባለው ገጸ ባሕርይ ወደ ክፋት የሚወስደውን ቢጫ ቀለበት በጣቱ ሲያጠልቅ ያዩ ሰዎች ተከታዩን ፊልም ጠበቁ፤ አልተሠራም። ገበያው ካልቀና ቃሉ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እኔ ይህን ልማድ የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ትዕይንቱን የሚጠብቅ ሰው ሳያስበው ስም ያነብባል፦ ልብስ ሰፊውን፣ መብራት ሠራተኛውን፣ በኮምፒውተር እሳትና ጭስ ሲሥሉ የከረሙትን በመቶ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች። ያለዚያ ማን ዞር ብሎ ያያቸው ነበር?

በ2019 «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ሲወጣ ትዕይንት አልነበረውም። እስከ መጨረሻው የቆዩት የሰሙት መዶሻ ብረት ሲመታ ብቻ ነው፤ ስታርክ በዋሻ ታስሮ የመጀመሪያውን የብረት ልብሱን ሲቀጠቅጥ የተሰማው ያ ድምፅ። «ይቀጥላል» ሳይሆን በፊልሙ ለሞተው ለስታርክ ስንብት ነበረ። ልቤን የነካው እርሱ ነው።

አሁን ደግሞ የሚጠበቀው «አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ» ነው፤ የተያዘለት ቀን ዲሴምበር 18 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ነው። በጁላይ 2024 ዳውኒ ራሱ እንደሚመለስ ተነግሯል፤ የሚመለሰው ግን ጀግናውን ስታርክን ሆኖ ሳይሆን ክፉውን ዶክተር ዱምን ሆኖ ነው። ምስጢር የለም እንግዲህ፤ ማን እንደሚጫወተው ሁሉም ያውቃል። ያም ሆኖ በ2025 የወጣውን «ፋንታስቲክ ፎር» ሚድ ክሬዲት ተመልከቱ። እናት ለልጇ የምታነብብለት መጽሐፍ ልታመጣ ወደ ሌላ ክፍል ትሄዳለች። ስትመለስ አረንጓዴ ካባ የለበሰ ሰው በልጁ ፊት ተንበርክኳል፤ የብረት ጭምብሉን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ጀርባውን እንጂ ፊቱን አናይም። ልጁ ግን እያየው ነው።