«አሜሪካም እኮ ይህ ሕግ አላት!» እና ሌሎች ስለ ጆርጂያ የሚባሉ ነገሮች

የማወራው ካውካሰስ ስላለችው ጆርጂያ ነው፤ አትላንታ ያላችሁ አትደንግጡ። ዓመቶቹም የፈረንጅ ናቸው።

«አሜሪካም እኮ ይህ ሕግ አላት!» በ2024 የዋና ከተማዋ የትብሊሲ ሰው «የውጭ ተጽዕኖ» የተባለውን ሕግ ተቃውሞ አደባባይ ከወጣ ጀምሮ ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም። ሕጉን አንብበው እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ዝም ነው። የጆርጂያው ሕግ ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር ወይም ሚዲያ የውጭ ኃይል ጥቅም አራማጅ ተብሎ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ማን አዘዘው ብሎ አይጠይቅም። የ1938ቱ የአሜሪካ የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ግን ዋና ጥያቄው እሱ ነው፤ ዕርዳታ መቀበል ብቻውን አያስመዘግብም። ደግሞስ፣ የጆርጂያን ሕግ ያወጣው ያው ገዢ ፓርቲ በ2025 «የአሜሪካውን እንዳለ ገለበጥን» ብሎ ሌላ ሕግ አወጣ። የመጀመሪያው እሱው ከነበረ ሁለተኛው ምን ሊሠራ መጣ?

እኛማ ይህን ለመረዳት ትብሊሲ መሄድ አያስፈልገንም። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 (ይህ ዓመት ብቻ የእኛው ነው) ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎን አልነበር? ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ትሰጥ የነበረች ጓደኛዬ የባለጉዳዮቿን ፋይል በካርቶን አሽጋ ቢሮዋን ስትለቅ አይቻለሁ። ከባለጉዳዮቹ አንዷም የውጭ ሰላይ አልነበረችም። እናም እንዲህ ያለ ሕግ ሲያጋጥማችሁ «ማን ከፈለው?» ላይ አትቁሙ፤ «ማን አዘዘው?» በሉ።

«ሕዝቡ አውሮፓን አይፈልግም።» ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት በሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 78 ሰፍሯል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኮባኪድዜ በኖቬምበር 2024 የአባልነት ድርድሩ እስከ 2028 መጨረሻ አጀንዳ አይሆንም ሲሉ የትብሊሲው ሩስታቬሊ ጎዳና በዚያው ምሽት በሰው ተሞላ።

«ሁሉም የሞስኮ ሥራ ነው።» ይህ ደግሞ የሰነፍ መልስ ነው። ከ2008ቱ ጦርነት ወዲህ የሩሲያ ጦር ከጆርጂያ በተገነጠሉት አብካዚያና ደቡብ ኦሴቲያ ውስጥ አለ፤ ስጋቱ እውነት ነው። ሕጎቹን ያጸደቀው ግን የራሳቸው ፓርላማ ነው፤ የ2024ቱን የያኔዋ ፕሬዝዳንት ዙራቢሽቪሊ ውድቅ ቢያደርጉትም ውሳኔያቸውን ሽሮ አሳለፈው። «የጆርጂያ ህልም» የተባለውን ገዢ ፓርቲ የመሠረተው ቢሊየነር ኢቫኒሽቪሊ ሀብቱን ያካበተው ሩሲያ ነው፤ እሱን የሚመዘግብ 20 በመቶ ግን የለም።

«ምርጫ እስካለ ዴሞክራሲ አለ።» በዲሴምበር 2024 ፕሬዝዳንት የሆኑት የቀድሞው የማንቸስተር ሲቲ ተጫዋች ካቬላሽቪሊ ናቸው። የመረጣቸው 300 መቀመጫ ያለው ጉባኤ ሲሆን፣ ዕጩው እሳቸው ብቻ ነበሩ።