«አይ» ጨምሬ ጨረስኩ ለምትሉ

ሰሞኑን ደግሞ ሳይቱን በፒኤችፒ (የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ) የሠራ፣ ዳታውን በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የሚያስቀምጥ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። «ፒኤችፒ ማይኤስኪውኤልን አስቀረ አሉ፤ ዳታቤዙን ልቀይር?» ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ ራሴም አላውቅም።

አላስቀረም። የቀረው ፒኤችፒን ከዳታቤዙ ጋር ያገናኝ የነበረው የድሮው ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) ነው፤ እነ «ማይኤስኪውኤል_ኮኔክት» እና «ማይኤስኪውኤል_ኩዌሪ»። ዳታቤዙ እዚያው አለ፣ ዳታችሁም አልተነካም።

«ሳይነግሩን በድንገት አነሱት» የሚሉም አሉ። ኧረ ተዉ! ተተኪው ማይኤስኪውኤልአይ (ስሙ መጨረሻ ላይ «አይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል የተጨመረበት) የመጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ከፒኤችፒ 5 ጋር ነው። በዓመቱ ፒዲኦ የሚባል ሌላ ማገናኛ ተከተለ። በ2013 የወጣው ፒኤችፒ 5.5 ኮኔክት ባደረጋችሁ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። ጨርሶ የተነሳው በታኅሣሥ 2015፣ በ7.0 ነው። ማስጠንቀቂያውን በ«@» ደብቆ የኖረ ሰው አልተነገረኝም ማለት አይችልም።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው፤ «ማይኤስኪውኤል የሚለውን ሁሉ ፈልጌ "አይ" ጨመርኩበት፣ አሁን ሴፍ ነው» የሚለው። አንደኛ፣ እንዲሁ አይሠራም። አዲሱ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ ጥያቄ የሚልከው) ኮኔክሽኑን አስቀድማችሁ እንድትሰጡት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ቢሠራም ቀዳዳው፣ ማለትም ተጠቃሚው የጻፈው ነገር የዳታቤዝ ትእዛዝ ሆኖ የሚነበብበት፣ እንዳለ ነው።

አንድ የዕቃ መሸጫ ሳይት እንዳይ ተጠራሁ። ኮዱን የቀየረው ልጅ በሥራው ኮርቷል። እኔ አድራሻው ላይ ካለው የትዕዛዝ ቁጥር ቀጥዬ «ኦር 1=1» (ወይም 1 ከ1 እኩል ከሆነ፣ ማለትም ሁሌም እውነት የሆነ ነገር) ብዬ ጻፍኩ። የሁሉም ደንበኛ ትዕዛዝ ከነስልክ ቁጥሩ ተዘረገፈ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ልጁ ደግሞ «ግን እኮ ኤስኬፕ አድርጌዋለሁ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ እንደ ጥቅስ ያሉትን አደገኛ ምልክቶች የሚያመክነውን ኤስኬፕ አድርጓል። ኤስኬፕ ግን የሚሠራው እሴቱ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ሲሆን ነው። ቁጥሩን ያለ ጥቅስ ነው ኩዌሪው ላይ የቀጠለው። እኔ በጻፍኩት ውስጥ ደግሞ ኤስኬፕ የሚደረግ አንድም ምልክት የለም።

መፍትሔው ፕሪፔርድ ስቴትመንት ነው። እሴቱ በሚገባበት ቦታ የጥያቄ ምልክት ታስቀምጣላችሁ፣ እሴቱን ለብቻው ትሰጣላችሁ። ያኔ ተጠቃሚው ምንም ይጻፍ፣ እንደ ዳታቤዝ ትእዛዝ አይነበብም። የድሮው ኤክስቴንሽን ይህን ጨርሶ አይችልም ነበር። አደራ ግን፣ «ፕሪፔር» ብላችሁ ጽፋችሁ ውስጡ ቫሪያብል ከቀጠላችሁ ያው ናችሁ። የቴብልና የኮለም ስም በጥያቄ ምልክት አይተካም፤ እሱን ራሳችሁ ከወሰናችሁት ዝርዝር ብቻ ተቀበሉ።

«ፒዲኦ ካልሆነ ዋጋ የለውም» የሚባለውም ወሬ ነው፤ ሁለቱም ፕሪፔርድ ስቴትመንት አላቸው። ነገ ወደ ሌላ ዳታቤዝ፣ ለምሳሌ ወደ ፖስትግሬስ ልሄድ እችላለሁ ካላችሁ ግን ፒዲኦን ያዙ፣ ማይኤስኪውኤልአይ ከማይኤስኪውኤል ውጪ አያውቅም።

«እኔ አሮጌው ፒኤችፒ 5.6 ላይ እቆያለሁ» ለሚለው፦ የደህንነት ጥገናው በ2018 መጨረሻ ቆሟል። ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር ካቃታችሁ ከሎጊን ገጹና ከመፈለጊያው ሳጥን ጀምሩ።